በስንት አሸነፉ? ስለ ቨርጂኒያ ምርጫ የጠየቃችሁን

የኖቬምበር 2025ቱ የቨርጂኒያ ምርጫ ካለፈ ወዲህ የጥያቄ ሣጥናችን በአንድ ጉዳይ ተሞልቷል። ስለ ትዳርና ስለ ኮንዶሚኒየም ዘወትር የሚጽፉልን ደንበኞቻችን እንኳ ለጊዜው ዝም ብለዋል። ከአሌክሳንድሪያ፣ ከአናንዴል፣ ከዉድብሪጅ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣው ሁሉ «ኧረ ይሄን ነገር አስረዱን» ነው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናል፣ ስም አላወጣንም። ዓመቶቹና ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ፓርቲ አንደግፍም፤ አስተያየት ግን አለን።

ጥያቄ፦ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው የምኖረው። ዴሞክራቶች 64 ለ36 አሸነፉ ሲባል ሰማሁ። ጓደኛዬ ደግሞ «ኧረ 21 ለ19 ነው» ብሎ ተከራከረኝ። ማናችን ነን ልክ? ሌላው ደግሞ፣ እኔ አገረ ገዥዋን መርጬ ወጣሁ፣ ከሥር የነበረውን ስም ማን እንደሆነ አላየሁም። ምን ቀረብኝ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ የምታወሩት ስለተለያየ ቤት ነው። የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ ሁለት ምክር ቤት አለው። የዴሌጌቶች (የተወካዮች) ምክር ቤት 100 ወንበር አለው፣ በየሁለት ዓመቱ መቶውም ለምርጫ ይቀርባል። ሴኔቱ 40 ወንበር ነው፣ በየአራት ዓመቱ ነው የሚመረጠው። ኖቬምበር 4 ቀን 2025 ለምርጫ የቀረበው የዴሌጌቶቹ ብቻ ነው። እዚያ ዴሞክራቶች ከነበራቸው 51 ላይ 13 ጨምረው 64 ሆኑ። ሴኔቱን ማንም አልነካውም፤ በ2023 እንደተመረጠ 21 ለ19 ነው፣ እስከ 2027 ድረስ ተራው አይደርስም።

ምን ቀረብኝ ላልከው፣ አንድ ምሳሌ እንስጥህ፦ የሰዓት ደመወዝህ። በ2024 ምክር ቤቶቹ የስቴቱን ዝቅተኛ ደመወዝ ደረጃ በደረጃ ወደ 15 ዶላር የሚያደርስ ሕግ አጸደቁ። የያኔው ሪፐብሊካን አገረ ገዥ ግሌን ያንግኪን ቪቶ አደረጉት፣ አልቀበልም ብለው መለሱት ማለት ነው። በ2025 እንደገና አጸደቁ፣ እንደገና ቪቶ ተደረገ። ቪቶን ለመሻር በሁለቱም ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፣ ዴሞክራቶቹ የነበራቸው ደግሞ 51 እና 21 ነው። ስለዚህ በ2025 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ላይ ነበርን፣ በጃንዋሪ 2026 12 ከ77 ሆነ።

ልብ በል፣ 64ም ቢሆን ቪቶ አይሽርም። ለውጡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጃንዋሪ 17 ቀን 2026 ቃለ መሐላ የፈጸሙት አቢጌል ስፓንበርገር፣ የስቴቱ የመጀመሪያ ሴት አገረ ገዥ፣ ከምክር ቤቶቹ ጋር አንድ ፓርቲ ናቸው። ያው ረቂቅ ሦስተኛ ጊዜ ቢመጣ የሚቆምበት ምክንያት ይጠባል። አንተ ከላይ ያሉትን መርጠህ ሥራው አለቀ ብለሃል፣ ሕጉን የሚልክላቸው ግን ያላየኸው ስም ነው።

ደግሞ እነዚህ ዴሌጌቶች እንደ ዋሽንግተኖቹ የማይደረስባቸው ሰዎች አይደሉም። ደመወዛቸው በዓመት 17,640 ዶላር ነው፣ አንዳንድ የኡበር ሹፌር ከዚያ በላይ ያገኛል። አብዛኞቹ ሌላ እንጀራ አላቸው፦ ጠበቃ፣ አስተማሪ፣ ነጋዴ። በስቴቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ የሚሰበሰቡትም በብርዱ ወራት ሁለት ወር ገደማ፣ አንዳንዱን ዓመት እንዲያውም ከዚያ ለአጠረ ጊዜ ነው። ኢሜይል ብትጽፍ የሚያነብልህ ሰው አለ።

ጥያቄ፦ ባለፉት ምርጫዎች በአንዱ ማታ ስተኛ የኔ ሰውዬ እየመራ ነበር። ጠዋት ስነሳ ተሸንፏል። ሌሊት ምን ሠሩ? ከዉድብሪጅ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥርጣሬህ ይገባናል። ኮሮጆ ተገለበጠ ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን፣ ሌሊት የሚሠራ የምርጫ ሥራ በበጎ አይታየንም።

እዚህ ግን ሌሊት የሆነው ነገር ቆጠራ ነው። ምርጫ ጣቢያ የሚዘጋው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በስቴቱ ደቡብ ምዕራብ ያሉ ትንንሽ ካውንቲዎች ቆጥረው በጊዜ ይጨርሳሉ፣ እነሱ ደግሞ በብዛት ሪፐብሊካን ናቸው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርበት ፌርፋክስ ገና እየቆጠረ ነው። ቀድመው የመረጡ ሰዎች ድምፅ በአንዳንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ዱብ ይላል። በፖስታ የተላከው ደግሞ እስከ ምርጫው ቀን ማኅተም ከተመታበት፣ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ቢደርስ ይቆጠራል። መታወቂያ ሳይዝ ወይም በዚያው ቀን ተመዝግቦ በጊዜያዊ ወረቀት የመረጠውም ሰው ጉዳይ አንድ በአንድ የሚታየው ከምርጫው በኋላ ነው።

ቴሌቪዥኑ ማታ «አሸነፈ» ሲል የራሱን ግምት እየነገረህ ነው። ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ሕጋዊው ውጤት ግን የካውንቲው የምርጫ ቦርድ ቁጥሩን ከጣቢያ ጣቢያ አመሳክሮ፣ የስቴቱ ቦርድ ደግሞ አጽድቆ ሲፈርምበት ነው። እስከዚያ ቁጥር ይነቃነቃል። ልዩነቱ 5,000 ከሆነ የሚነቃነቀው ለውጥ አያመጣም፣ 50 ከሆነ ግን ተሰብስበህ ጠብቅ።

አንድ ነገር ጨምረህ ያዝ። በቨርጂኒያ ዳግም ቆጠራ በራሱ አይመጣም። የተሸነፈው እጩ መጠየቅ አለበት፣ ለመጠየቅም ልዩነቱ ከ1 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከግማሽ በመቶ ካልበለጠ ወጪውን የሚሸፍነው መንግሥት ነው።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ ቨርጂኒያ ውስጥ የምክር ቤት ወንበር በዕጣ ተወስኖ ያውቃል አለኝ። ሳቅኩበት። እሱ ግን ማለ። እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ቡና ጋብዢው። ታሪኩ ደግሞ ከዕጣው ይልቅ ወደ ዕጣው ያደረሰው መንገድ ነው የሚገርመው፣ ስለዚህ ዘርዘር እናድርገው።

ዘመኑ 2017 ነው። ከምርጫው በፊት በዴሌጌቶች ምክር ቤት ሪፐብሊካኖች 66፣ ዴሞክራቶች 34 ነበሩ። እንዲህ ያለ ብልጫ በአንድ ምርጫ ይገለበጣል ብሎ የጠበቀ እምብዛም አልነበረም። ኖቬምበር 7 ማታ ዴሞክራቶች 15 ወንበር ነጥቀው 49 ደረሱ። ሪፐብሊካኖች 51 ላይ ቀሩ፣ ከነዚህ 51 ውስጥ ግን አንዱ በክር የተንጠለጠለ ነበር፦ ኒውፖርት ኒውስ ከተማ ያለው 94ኛ ዲስትሪክት (የምርጫ ክልል)። ወንበሩን ይዞ የነበረው ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ ነው። የገጠመችው የከተማዋ የትምህርት ቦርድ አባል፣ ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስ። ያንሲ በ10 ድምፅ አሸነፈ ተባለ። ከ23 ሺህ በላይ ሰው መርጦ በ10 ድምፅ!

ሳይመንድስ ዳግም ቆጠራ ጠየቀች። ዲሴምበር 19 ተቆጠረ። ሳይመንድስ 11,608፣ ያንሲ 11,607። አንድ ድምፅ። ይህ ከጸና ምክር ቤቱ 50 ለ50 ይሆናል፣ ሪፐብሊካኖችም አፈ ጉባኤውን ብቻቸውን መምረጥ አይችሉም። ዴሞክራቶቹ ደስታቸውን አልቻሉትም። ደስታው አላደረም ማለት ይቻላል።

በማግስቱ ሦስት ዳኞች ውጤቱን ሊያጸድቁ ሲቀመጡ የያንሲ ወገን ስለ አንዲት የድምፅ መስጫ ወረቀት ጥያቄ አነሳ። በቆጠራው ላይ በሪፐብሊካኖቹ በኩል የተቀመጠው ቆጣሪ፣ ያቺ ወረቀት ስትጣል ተስማምቶ የነበረ ሰው፣ ሲነጋ ለዳኞቹ ደብዳቤ ጽፏል። ወረቀቷ ላይ መራጩ የሳይመንድስንም የያንሲንም ክብ አጥቁሯል። ሁለቱንም። ከዚያ በሳይመንድሷ ክብ ላይ አንድ ሰያፍ ጭረት አስምሯል። እንዲህ ብቻ ቢሆን እሷን ሰረዘ ብለን በተገላገልን፤ ግን ያው ሰው በአገረ ገዥው ተራ የሪፐብሊካኑን የኤድ ጊለስፒን ክብ አጥቁሮ እሱም ላይ የኤክስ ምልክት አድርጎበታል። በሌሎቹ ቦታዎች ሪፐብሊካን ነው የመረጠው። ምን ማለቱ ነው? የሰረዘውን አልፈልግም ማለቱ ነው ወይስ አጥብቄ ፈለግሁ ማለቱ? መራጩ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ተጠርቶ አይጠየቅም። ዳኞቹ ጭረቱን ስረዛ ነው አሉና ድምፁን ለያንሲ ሰጡ። 11,608 ለ11,608።

የቨርጂኒያ ሕግ እኩል ሲወጡ በዕጣ ይለይ ይላል። ድጋሚ ምርጫ የለም። ሳይመንድስ ዳኞቹ እንደገና እንዲያዩላት አመለከተች፣ አልሆነላትም፣ ዕጣውም በዚህ ምክንያት ወደ ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ተገፋ። ዕለቱ ደረሰ፣ ሪችመንድ ውስጥ ካሜራ ከቦ። የሁለቱ ስም በሁለት ወረቀት ላይ ተጻፈ፣ ወረቀቶቹ የድሮ ፎቶ ፊልም ይቀመጥባቸው በነበሩ ትንንሽ ብልቃጦች ውስጥ ገቡ፣ ብልቃጦቹ ደግሞ ከቨርጂኒያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በመጣ፣ ስቲቨን ግላስ የተባለ የሪችመንድ ሠዓሊ በሠራው የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተጨመሩ። ልክ የዕቁብ ዳኛ ሲያወጣ እንደምናየው፣ የስቴቱ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ጄምስ አልኮርን እጁን ሰደደና አንዱን አወጣ። ዴቪድ ያንሲ። 51 ለ49። አለቀ።

ሌላ ነገር ላስታውስሽ፣ እኛን ከዕጣው በላይ የገረመን ይኸኛው ነው። ቨርጂኒያ በስክሪን ብቻ የሚሠሩትን፣ ወረቀት የማይተዉትን የምርጫ ማሽኖች ሙሉ በሙሉ ያገደችው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ነው። ከምርጫው ሁለት ወር በፊት! ወረቀት ባይኖር ያቺ ጭረት የት ትታያለች?

በዚያው ምርጫ ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ በ28ኛው ዲስትሪክት ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ቢያንስ 147 ሰዎች የሌላ ዲስትሪክት ወረቀት ተሰጥቷቸው መምረጣቸው ታወቀ። ሪፐብሊካኑ ቦብ ቶማስ ዴሞክራቱን ጆሹዋ ኮልን የረታው በ73 ድምፅ ነው። ዴሞክራቶች ድጋሚ ምርጫ ይደረግ ብለው ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ዳኛው አልተቀበሉም። የ94ኛው ዕጣ ተወርቶለት ይኸኛው መረሳቱ አይገባንም፤ ዕጣው ቢያንስ በሕግ የተጻፈ ነው፣ የተሳሳተ ወረቀት መስጠት ግን የትም አልተጻፈም።

ጥያቄ፦ ያ ሁሉ ግርግር ሆኖ መጨረሻው ያው ሪፐብሊካኖቹ ቀሩ አይደል? ታዲያ ምን ተለወጠ? መምረጥ አለመምረጥ ያው ነው የምለው ለዚህ ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ በዚህ እንጣላለን። ሰው የሚጠይቀው ማን አሸነፈ ብሎ ነው። በስንት የሚለውን ግን እንደ ኳስ ውጤት ዝም ብሎ ያልፈዋል። 66 ለ34 የነበረና 51 ለ49 የሆነ ምክር ቤት አፈ ጉባኤው ከአንድ ፓርቲ ይሁን እንጂ አንድ ምክር ቤት አይደለም።

ሜዲኬይድን ይመልከቱ። የጤና ሽፋኑን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ጎልማሶች የማስፋት ጉዳይ ቨርጂኒያ ውስጥ ለዓመታት ተንከባሏል። አገረ ገዥ ቴሪ ማኮሊፍ አራት ዓመት ለመኑ። የዴሌጌቶች ምክር ቤት እምቢ እንዳለ ቀረ፣ 66 ሰው ይዞ እምቢ ማለት ቀላል ነው። በ2017 ግን 15 ባልደረቦቻቸው ወንበር ሲያጡ አይተዋል። የተረፉትም ቢሆኑ ጥቂቶቹ የተረፉት ለጥቂት ነው። በሜይ 2018 ያው ሪፐብሊካኖች የሚመሩት ምክር ቤት ሜዲኬይድን 67 ለ31 አጸደቀ። ዴሞክራቶቹ 49 ብቻ ነበሩ፣ የቀረውን እርስዎ ይደምሩት። ሴኔቱ 23 ለ17 አለ፣ አገረ ገዥ ራልፍ ኖርታም ጁን ላይ ፈረሙ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ያኔ ብቁ ይሆናሉ የተባሉት ሰዎች ወደ 400,000 ነበሩ።

ከዚህ ውስጥ የኛ ሰው ስንት እንደሆነ የቆጠረ የለም፣ ግን የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባዩን፣ የነዳጅ ማደያ ካሸሩን፣ በወር ተኩል ሥራ የሚቀያይረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጅ የሌለው ጎልማሳ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ምንም ያህል ደሃ ቢሆን ሜዲኬይድ አይገባውም ነበር።

አንድ ለኛ በተለይ የሚነካ ነገር ደግሞ አለ። ቨርጂኒያ በግሪን ካርድ የሚኖር ሰው አምስት ዓመት ጠብቆም እንኳ ሜዲኬይድ ለማግኘት 40 ሩብ ዓመት ሥራ፣ ማለትም የአሥር ዓመት ያህል የሥራ መዝገብ እንዲያሳይ ትጠይቅ ነበር። በዲቪ የመጣ ሰው የት ያመጣዋል? ይህ ቅድመ ሁኔታ የተነሳው በ2021 ነው። ያነሳውም ዴሞክራቶች በ2019 ምርጫ 55 ለ45 አሸንፈው የያዙት ምክር ቤት ነው። የመኖሪያ ወረቀት ላልተሟላለት ስደተኛ የመንዳት ካርድ የፈቀደው፣ ያለ ምክንያት 45 ቀን ቀድሞ መምረጥን ያመጣው፣ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ7 ዶላር ከ25 ያነሳውም ያው ምክር ቤት ነው። ይህ ሁሉ ለሁሉም ሰው ጥሩ ነው አንልም፤ ትንሽ ምግብ ቤት ያላቸው አንባቢዎቻችን ስለ ደመወዙ የሚሉንን ብንጽፍ ገጹ አይበቃም። መለወጡን ግን መካድ አይቻልም።

ያንሲና ሳይመንድስም በ2019 እንደገና ተጋጠሙ። በሰፊ ልዩነት ረታችው።

ከዚያ በኋላም የሕዝቡ ሚዛን ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቷል። በ2021 ሪፐብሊካኖች 52 ለ48 መለሱት። በ2023 ዴሞክራቶች 51 ለ49፣ ዶን ስኮት በስቴቱ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር አፈ ጉባኤ ሆኑ። በዚያው ዓመት ፒተርስበርግ አካባቢ በ82ኛው ዲስትሪክት ሪፐብሊካኗ ኪም ቴይለር፣ ዳግም ቆጠራው ሲያልቅ፣ ኪምበርሊ ፖፕ አዳምስን የበለጠቻት በ53 ድምፅ ነው። አንድ የአበሻ ሰርግ ላይ ከሚጠራው ሰው ሩብ እንኳ አይሞላም። በ2025 አዳምስ ተመልሳ መጥታ ወንበሩን ወሰደች።

ጥያቄ፦ ቤት ሳልቀይር ዲስትሪክቴ ተቀየረ። ቁጥሩም ዴሌጌቱም ሌላ ሆነ። ይህ እንዴት ይሆናል? ከአናንዴል።

መልስ፦ መስመሩ ነው የተንቀሳቀሰው፣ አንቺ እዚያው ነሽ። በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ከተቆጠረ በኋላ የዲስትሪክት ካርታ እንደ አዲስ ይሣላል። ቀድሞ የሚሥሉት ራሳቸው ሕግ አውጪዎቹ ነበሩ፣ መራጫቸውን ራሳቸው ይመርጡ ነበር ማለት ነው። በ2017 በመላ ስቴቱ ለዴሌጌት ከተሰጠው ድምፅ 53 በመቶ ገደማውን ያገኙት ዴሞክራቶች ሆነው 49 ወንበር የያዙት በከፊል ለዚህ ነው። በከፊል ያልነው፣ ተቃዋሚ ያልቀረበባቸው ዲስትሪክቶችም ቁጥሩን ስለሚያዛቡት ነው። በኋላ ፌዴራል ፍርድ ቤት 11 ዲስትሪክቶች ጥቁር መራጮችን አንድ ቦታ አጭቀው የተሣሉ ናቸው ብሎ ካርታው ለ2019 እንዲስተካከል አደረገ። የኒውፖርት ኒውሱ 94ኛም በዚያ ተቀይሯል። የሳይመንድስ ሰፊ ድል አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፣ ታሪኩን ሲያወሩ ይህን የሚዘሉ ሰዎች ያናድዱናል።

ያንቺን ቁጥር የቀየረው ግን የ2021ዱ ነው። ሕዝቡ በ2020 ድምፅ ሰጥቶ ካርታውን ለኮሚሽን አስረክቦ ነበር። ኮሚሽኑ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ሳይስማማ ቀረ፣ ጉዳዩ ወደ ስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ፍርድ ቤቱ ሁለት ባለሙያዎች አስቀምጦ አሣለው። ለዚህ ነው ከ2023 ጀምሮ ብዙ ሰው ወረቀቱ ላይ የማያውቀው ስም ያየው።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ታክስ እከፍላለሁ፣ ልጆቼ እዚህ ይማራሉ። ለስቴት ምርጫ ብቻ፣ ለፕሬዚዳንት ሳይሆን፣ መምረጥ እችላለሁ? ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ ቢሮው) ውስጥ ትመዘገባለህ ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር።

መልስ፦ አትችልም። በቨርጂኒያ በየትኛውም ምርጫ ዜጋ ያልሆነ ሰው አይመርጥም። የዲኤምቪው ጥያቄ ወጥመድ ሊሆንብህ ይችላልና ጠንቀቅ በል፦ ዜጋ ነህ ወይ የሚለው ላይ ሳታነብ «አዎ» ብለህ ከፈረምክ፣ ባትመርጥም እንኳ ዜግነት ስትጠይቅ ሊነሳብህ ይችላል። መርጠህ ከተገኘህ ደግሞ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። «አላወቅሁም ነበር» ብሎ ማምለጥ ቀላል አይደለም። ተመዝግቤ ሊሆን ይችላል ብለህ ከጠረጠርክ የዜግነት ማመልከቻህን ከማስገባትህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር፣ በሰንበቴ የሰማኸውን ተወው።

ወንዙን ስትሻገር ነገሩ ትንሽ ይለያል። ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿን በከተማ ምርጫ ታስመርጣለች፣ ዲሲም በ2024 ለአካባቢ ምርጫዎች ጀምራለች። ያ ግን እዚያ ለሚኖር፣ ለከተማው ምርጫ ብቻ ነው። ለሜሪላንድ ስቴት ምክር ቤት አይሆንም።

ጥያቄ፦ እናቴ ዘንድሮ ዜጋ ሆነች፣ 71 ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛ አታነብም። አብሬያት ልግባ ስል አንዷ ሠራተኛ ከለከለችኝ። መብት የለኝም?

መልስ፦ መብቱ የእናትሽ ነው፣ አላት። የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ፣ በአካል ጉዳት ወይም ማንበብና መጻፍ ባለመቻል እርዳታ የሚያስፈልገው መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል። የማይፈቀደው አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ብቻ ነው። ልጅ፣ ጎረቤት፣ የንስሐ አባት ይሆናል። የሚረዳው ሰው ቅጽ ላይ ይፈርማል፣ እሷ ያለችውን ምልክት ያደርጋል፣ ሌላ ሐሳብ አይጨምርም። ሠራተኛዋ ከለከለች ማለት ምናልባት ቅጹን ሳትሞሉ ገብታችሁ ይሆናል፤ በሚቀጥለው የጣቢያውን ኃላፊ አስጠሪና «እናቴ እርዳታ ትፈልጋለች፣ ቅጹን ስጡኝ» በዪ።

አማርኛ ወረቀት ለምን የለም ብላችሁ የጠየቃችሁም ነበራችሁ። ፌዴራሉ ሕግ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ ቋንቋዎችና ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ነው። አማርኛ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፣ ስንት ሺህ ሰው ቢናገረውም። ስለዚህ የሚገኘው በየከተማው ፈቃድ ነው። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የምርጫ መረጃ በአማርኛ ታዘጋጃለች፣ አሌክሳንድሪያም ብዙ መረጃዋን በአማርኛ ታወጣለች።

ለእናትሽ አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ዕድሜው 65 የሞላው ወይም አካል ጉዳት ያለበት ሰው ከመኪና ሳይወርድ መምረጥ ይችላል። ጣቢያው በር ላይ ስልክ ቁጥር ወይም ደወል ይኖራል፣ ሠራተኛ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። ወረፋው ረጅም ከሆነ ግን ቀድሞ በሚመረጥበት በ45ቱ ቀን ውስጥ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ረፋድ ላይ ውሰጃት፣ ብዙ ጊዜ ጭር ይላል።